ለሳተላይት ቴሌቪዥን አሮጌው ኤስዲ (ተራ ጥራት) ሪሲቨር ወይስ ኤችዲው (ከፍተኛ ጥራት)?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ሰው አሁንም የሚያማርጠው በሁለቱ መካከል ነው።

ኤስዲው ችግር አይገባውም፣ ዓመታት ይቆያል። ግን የሚያነበው አሮጌውን የሳተላይት ስርጭት ዘዴ ዲቪቢ-ኤስን እና አሮጌውን የምስል መጭመቂያ ኤምፔግ-2ን ብቻ ነው። የኢትዮሳት ቻናሎች ደግሞ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለችው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት በአዲሱ ዘዴ፣ በዲቪቢ-ኤስ2 ነው የሚመጡት። ዲሹን የፈለግከውን ያህል ብታዞር አያመጣቸውም። ናይልሳት ከሚባለው ሌላ ሳተላይት ለሚመጡ አንዳንድ ቻናሎች ይሆንሃል፣ በቃ።

ኤችዲው ዲቪቢ-ኤስ2ንም፣ አዲሱን የምስል መጭመቂያ ኤምፔግ-4ንም ያነባል፤ ከፍላሽ ፊልም ያጫውታል። እኔን የሚያሳምነኝ ግን የሶፍትዌሩ ነገር ነው። የብዙዎቹን አሮጌዎች ሶፍትዌር ለማደስ ኮምፒውተርና ሁለቱን የሚያገናኝ የአርኤስ232 ገመድ ያስፈልጋል። ለኤችዲው ፋይሉን በፍላሽ ይዘህ ከሜኑው "አፕግሬድ" የሚለውን መጫን ነው። ብቻ ተጠንቀቅ። የሁለት ሪሲቨር ስም አንድ ሆኖ ውስጡ ያለው ቦርድ ሊለያይ ይችላል። "ኢንፎርሜሽን" ገብተህ የሃርድዌር ቁጥሩን ሳታይ ምንም አትጫን፤ ያልሆነ ፋይል ከገባ "ቡት" የሚል ጽሑፍ እያሳየ ይደርቃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደም ያው ነው። በክረምት፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ባትነካው ይሻላል።

እኔ ብሆን ኤችዲውን ነው የምገዛው። ቻናሎቹ በደንብ እየገቡ ከሆነ ግን ሶፍትዌር ለመቀየር ምን አስቸኮለህ?