ጓሯችሁን ኢጓና ላስቸገራችሁ የሳውዝ ፍሎሪዳ ወገኖቼ፦ እኛን የረዳን ሰው

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ ማያሚ፣ ብራዋርድና ፓልም ቢች የምትኖሩ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው አንድ ሠራተኛ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ሥራው ኢጓና የሚባለውን እንሽላሊት መያዝ ነው። በተለይ ቤታችሁ ካናል (የውሃ ቦይ) ዳር ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጉዳዩ አበባ ከመበላቱ በላይ ነው።

የምንኖረው ፔምብሮክ ፓይንስ ነው። ጓሯችን የሚያልቀው ካናሉ ጋ ነው። በመሃል ያለው አፈሩን ደግፎ የያዘው የኮንክሪት ግንብ ብቻ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ከጀመረች ወዲህ ጓሮው የእሷ ሆኗል። ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ተክላለች። እንግሊዝኛ አትችልም፣ መኪና አትነዳም። እኛ ሥራ ስንውል ቀኑን የምትገፋው እዚያ መደብ ላይ ነው። ጎመኑ እስከ ግንዱ ተግጦ ስታገኘው ምን ያህል እንደከፋት ያየሁት እኔ ነኝ። እንደገና ተከለች። እንደገና በሉት። የሂቢስከሱን አበባ አንድ ሳያስቀሩ ለቀሙት። ጤና አዳሙን ብቻ አልነኩትም፤ እናቴም "እሱን እንኳ ተዉልኝ፣ ተመስገን" አለች።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ኢጓና ትልቅ እንሽላሊት ነው። አርጃኖ ያየ ሰው መጠኑን መገመት አያቅተውም። ልጁ ደማቅ አረንጓዴ ነው። ሲያድግ መልኩ ይደበዝዛል፤ ወንዱ በመራቢያ ጊዜው ብርቱካንማ ይሆናል። ጀርባው ላይ ከአንገቱ ጀምሮ የተደረደረ እሾህ አለው። አገጩ ሥር ቆዳ ይንጠለጠላል። ከነጅራቱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ትልቅ ወንድ እስከ 8 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። የሚበላው በአብዛኛው ቅጠል፣ አበባና ፍራፍሬ ነው። ሰው ካላስጨነቀው አይተናኮልም። ከተያዘ ግን ይነክሳል፣ ይቧጭራል፣ በጅራቱም እንደ አለንጋ ይገርፋል።

ፍሎሪዳ አገሩ አይደለም። የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ነው። እዚህ መታየት የጀመረው በ1960ዎቹ በሃያሊያ፣ በኮራል ጌብልስና በኪ ቢስኬይን አካባቢ ነው። ሰዎች ቤት ውስጥ ሊያሳድጉት ገዝተው ያመለጣቸው ወይም የለቀቁት ተራብቶ ነው እዚህ የደረሰው። ሙቀቱም ውሃውም ተስማማው። ዋና በደንብ ይችላል፤ ሲደነግጥ ካናሉ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ይሰወራል። ለዚህ ነው ካናል ዳር ያለን ሰዎች የምንቸገረው።

እኔን መጀመሪያ ያሳሰበኝ ኩሱ ነበር። መዋኛ ገንዳው ዳር፣ ልጆቹ የሚቀመጡበት ወንበር ሥር፣ በየቦታው ነው። የኢጓና ኩስ ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ይህን በዋዛ ማለፍ የለበትም። ጓንት አድርጎ ማንሳት፣ ቦታውን በበረኪና ማጠብ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ግቢ ውስጥ የበቀለ ጎመንም ሳይታጠብ ወደ ድስት መግባት የለበትም።

ከዚህ ሰው በፊት ያነጋገርኩት ሌላ ነበር። በስልክ ብቻ ነው የተነጋገርነው። "በሕይወት ይዤ ራቅ ያለ ፓርክ ወስጄ እለቃቸዋለሁ፤ የምትከፍይኝም በያዝኩት ቁጥር ነው" አለኝ። ነገሩ አልተዋጠልኝም። አጣራሁ። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ኢጓና በፍሎሪዳ የተከለከሉ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ያለ ፈቃድ በሕይወት ማኖርም ማጓጓዝም አይቻልም። የያዙትን መልሶ መልቀቅ ክልክል ነው። ደግሞስ ከእኔ ጓሮ አንስቶ ሌላ እናት ጎመን ላይ መልቀቅ ምን ይባላል? ያንን ሰው ተውኩት።

አሁን ወደማመሰግነው ሰው ልምጣ። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፍም። ትውልዱ ኒካራጓ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። ብቻውን ነው የሚሠራው። ያደገው ኢጓና ባለበት አገር ስለሆነ እንስሳውን ያውቀዋል፤ አይጠላውም። "እኛ ዘንድ የጫካው ናቸው፣ የሚበላቸውም አለ፤ እዚህ ግን ሰው አምጥቶ የጣላቸው ናቸው፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም" አለኝ። በአገሩ ሥጋው እንደሚበላ ሲነግረን እናቴ አማተበች። ቢሆንም ቡና ከመጋበዝ አልከለከላትም።

የመጣ ቀን ወጥመድ አላወጣም። ዛፍ ላይ ያሉትን ቀና ብሎም አላያቸው። በቀጥታ ወደ ግንቡ ሄዶ መሬት መሬቱን እያየ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደ። ከዚያ ከበረንዳው ንጣፍ ጥግ ቁጥቋጦውን ገለጥ ሲያደርግ ጉድጓድ አሳየኝ። እጅ በቀላሉ ያስገባል። ሁለተኛውን ደግሞ ራቅ ብሎ አገኘው። እኔ እዚያ ጋ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ፣ ቅጠል ሸፍኖት አይታይም። በቀጭን ገመድ ላይ ያለ ካሜራ አስገብቶ በስልኩ አሳየን። ጉድጓዱ በንጣፉ ሥር አልፎ ወደ ግንቡ ይታጠፋል።

ያስረዳኝን እንደገባኝ ልጻፍ። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ቆፍራ ነው። በዓመት አንዴ ትጥላለች፤ በአንድ ጊዜ ከ14 እስከ 76 ሊደርስ ይችላል። ብዙ ሴቶች አንዱን ጉድጓድ እያስፋፉ ሲጠቀሙበት ዋሻዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። እየተጠላለፈ ወደ 24 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ሊፈጠር ይችላል፣ ብዙ በርም ይኖረዋል። ዝናብ ሲመጣ ውሃ በዚያ ይገባል፣ አፈሩን ይዞ ወደ ካናሉ ይወጣል። ከላይ ሣሩም ንጣፉም ደህና ይመስላል። ከሥር ግን ባዶ ነው። ከዚያ ንጣፉ ይሰነጠቃል፣ ግንቡ ያዘነብላል።

ይህ ማጋነን አይደለም። ዌስት ፓልም ቢች ከተማ በ2020 ኢጓና ቆፍሮ የጎዳውን የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ለማስጠገን 1.8 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። ከተማ ይህን ያህል ከከፈለ፣ የእኛ ግንብ ቢወድቅ ማን ይከፍልልናል? የቤት ኢንሹራንሳችሁን ውል አውጥታችሁ አንብቡ፤ እንስሳ ያደረሰውን ጉዳት የማይሸፍን ውል ብዙ ነው።

ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ያመንኩት ግን ቀጥሎ ባደረገው ነገር ነው። ቤታችን ጎን ገላጣ ሣር አለ። እዚያም ጉድጓድ ነበር። እኔ "ይሄንንም ድፈነው" አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየና እጁን አነሳ። አፉ ላይ ላባ አለ፣ ነጭ ኩስ አለ፣ ሳርና ቁርጥራጭ ነገር ተበትኗል። "ይሄ የኢጓና አይደለም፣ የጉጉት ነው" አለኝ። መሬት ቆፍራ የምትኖር ትንሽ ጉጉት በብራዋርድ አለች። በፍሎሪዳ ሕግ የምትጠበቅ ናት፤ ጉድጓዷን መድፈን ወንጀል ነው። ዝም ብሎ ደፍኖ ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። እሱ ግን ራሱ ሄዶ ሣር የሚያጭደው ሰው እንዳይደርስበት ዙሪያውን በእንጨትና በገመድ አጠረልን። ዛሬ እናቴ ማታ ማታ ጉጉቷን በመስኮት ታያታለች።

አያያዙን በተመለከተ፦ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ ሸምቀቆ ይይዛቸዋል። ለሚሸሹት ፍራፍሬ ያለበት የሽቦ ወጥመድ ጥላ ውስጥ ያስቀምጣል፣ በየቀኑም እየመጣ ያያል። ወጥመድ ፀሐይ ላይ ትቶ መሄድ ጭካኔ ነው ይላል። መርዝ አይነካም፤ ለኢጓና ተብሎ የተፈቀደ መርዝም የለም። መርዝ የሚረጭላችሁ ሰው ከመጣ የጎረቤት ውሻና የካናሉ ወፍ ነው የሚሞተው።

እናቴ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አስጠርታው ነበር። "ልጄ፣ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው፤ አደራህን እንዳታሰቃየው" አለችው። እኔ ተረጎምኩለት። ኮፍያውን አውልቆ ነው የሰማት። ቃሉንም ጠብቋል። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ኢጓና በግል ግቢ ውስጥ ባለቤቱ ከፈቀደ ዓመቱን ሙሉ ማስወገድ ይቻላል፣ ማሰቃየት ግን ያስቀጣል። ውሃ ውስጥ መድፈቅ ወይም ከነሕይወቱ ፍሪዘር ውስጥ መክተት አይፈቀድም። እሱ በአንድ ምት፣ ወዲያውኑ፣ ከሰው ዓይን ርቆ ነው የሚጨርሰው። ልጆቹ ምንም አላዩም።

ከዚያ የኢጓናውን ጉድጓድ ወዲያው አልደፈነም። መጀመሪያ ውስጡ ኢጓና አለመኖሩን በካሜራው አረጋገጠ። በጥንቃቄ ቆፍሮ እንቁላሎቹን አወጣ። ልክ በጊዜው ነበር፤ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ይጥላሉ፣ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ነው ጠጠርና አሸዋ ከሲሚንቶ ጋር እየጠቀጠቀ የሞላው። ግንቡን ግን "እኔ የግንብ ባለሙያ አይደለሁም፣ የሚያውቅ ሰው አምጥታችሁ አሳዩት" አለን። ካናሉ ዳር ያለው መሬት የውሃ አስተዳደሩ ድርሻ ሊኖርበት ስለሚችል ከመቆፈራችን በፊት ከተማውን እንድንጠይቅም ነገረን። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሠራተኛ ስታገኙ ያዙት።

ሒሳቡን ከጨረስን በኋላ የሠራልንን ደግሞ ልንገራችሁ። የእናቴን መደብ በእንጨት ፍሬምና በሽቦ መረብ ሸፈነላት፤ ክዳኑ እንደ ሳጥን ይከፈታል። ከፍታውን እሷ እንዳትጎነበስ ለክቶ ነው የሠራው። ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ። የማንጎውን ግንድ ደግሞ እንዳይወጡበት በለስላሳ ቆርቆሮ ጠቀለለልን። የወደቀ ፍራፍሬ በየቀኑ እንድናነሳ፣ ሲመጡም በጎማ ውሃ እንድንረጫቸው መከረን። አበባ መቀየር ለሚፈልግ ክሮቶንና የሎሚ ዘር ብዙም አይወዷቸውም። ሁሉም አረንጓዴ እንሽላሊት ኢጓና እንዳልሆነም አሳየን። ትከሻው ላይና ዓይኑ ሥር ቢጫ መስመር ያለው ሌላ ነው፣ ጉድጓድም አይቆፍርም።

በብርዱ ወራት ለሚገጥማችሁ ነገር አንድ ማሳሰቢያ። ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ኢጓና ይደነዝዛል፤ በጣም ሲበርድ ከዛፍ ይወድቃል። በጃንዋሪ 2020 የማያሚ የአየር ትንበያ ቢሮ ራሱ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። የወደቀው የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። አዝናችሁ ቤት ወይም መኪና ውስጥ እንዳታስገቡት፤ ሲሞቀው ይነቃል፣ ያኔ ደንግጦ ይናከሳል። ልጆቻችሁን ንገሯቸው።

አሁንም ኢጓና አይመጣም ማለት አይደለም። ካናሉ እስካለ ይመጣል። ሰውየውም "ጨርሼ አጠፋልሻለሁ" ብሎ አልዋሸኝም። በየጥቂት ወሩ እየመጣ ግንቡን ያያል፣ አዲስ ጉድጓድ ካለ ሳይሰፋ ይይዘዋል። ሌላ ሰው ብትቀጥሩ እንኳ ይህን ጠይቁ፦ ጉድጓዱን ታያለህ ወይ? የያዝከውን ምን ታደርገዋለህ? የጉጉት ጉድጓድ ትለያለህ? ለሦስቱም ቀጥ ያለ መልስ ከሌለው በሩን አትክፈቱለት።

የረዳኸን ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ እንድተረጉምልህ ጠይቀኸኝ ነበርና ለእናቴ ነገርኳት። "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እጅህ ይባረክ" ብላሃለች። እኔም ከልቤ አመሰግንሃለሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ዋጋውንም የከፈልነውን እነግራችኋለሁ። ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ይናገራል። የምትኖሩበትን ከተማ አብራችሁ ጻፉ፤ ብራዋርድንና ሰሜን ማያሚን ነው የሚሸፍነው፣ ፓልም ቢች አይደርስም። የጉድጓድ ፎቶ ካላችሁ ላኩለት፣ አይቶ ሊነግራችሁ ይችላል። ከፌብሩዋሪ በፊት ብትደውሉለት ይሻላል።