ሙዝስኮር 4፦ በራሱ ለሚማር የኦርኬስትራ ደራሲ ምን ያህል ያዛልቃል?

በሄደበት አገር የሰማውን ዜማ በስልኩ እየቀዳ ለኦርኬስትራ ሊጽፈው ለሚፈልግ፣ አስተማሪም የሙዚቃ ጓድም አጠገቡ ለሌለው ሰው ኖታ መጻፊያ ከሆነው ከሙዝስኮር የተሻለ ነፃ ፕሮግራም አይገኝም። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በወጣው 4ኛው እትም ላይ ሙዝ ሳውንድስ የተባሉትን የድምፅ ጥቅሎች ስታክሉበት የቫዮሊኑ ቀስት ሲሳብ ይሰማል። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው፤ ድምፁ ከማማሩ የተነሳ የአጻጻፍ ስህተትን ይሸፍናል።

ጥቅሎቹ ሙዝ ሀብ በተባለው ማውረጃ ፕሮግራም በኩል ለየብቻ ይወርዳሉ፣ የሚበሉት ዳታም ብዙ ነው። በካርድ የሚጠቀም ሰው መጀመሪያ ስትሪንግስን (የባለ አውታር መሣሪያዎቹን ጥቅል) ብቻ ያውርድ። ላፕቶፑ ከተንተባተበ ኤፍ10 ተጭኖ ሚክሰሩን (የየመሣሪያውን ድምፅ መቆጣጠሪያ) መክፈትና ድምፁን ኤምኤስ ቤዚክ ወደሚባለው የፕሮግራሙ ቀላል ድምፅ መመለስ ነው፤ ይደርቃል እንጂ አይቆራረጥም።

አሁን ወደ ቅኝት እንምጣ። ትዝታ ሜጀርን (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ከመጽሐፍ በተማሩት ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ማጀብ የተለመደ ስህተት ነው። ሶል ሰባተኛ ኮርድ ውስጥ ሲ እና ፋ አሉ፤ ሁለቱም ትዝታ ውስጥ የሉም፣ ሲገቡም ትዝታነቱ ይጠፋል። ቼሎና ኮንትራባሱ ዶ እና ሶልን ይዘው ቢቆዩ ይሻላል። ይህ ግን ለአንቺ ሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) አይሠራም፤ ሶሉ ወርዷልና መደገፊያው ዶ እና ፋ ይሆናል። ደግሞ ፕሮግራሙ ካልተነካካ የሚያሰማው እንደ ፒያኖ 12 እኩል ግማሽ ድምፆችን ነው። አንቺ ሆዬው እንደ አዝማሪው ማሲንቆ አልሆነም ብሎ ዜማውን መለወጥ አያስፈልግም፤ ቫዮሊን ተጫዋች በጣቱ ያስተካክለዋል፣ ሃርፕ ግን አይችልም።

ማሲንቆውን ራሱን የሚተካ ድምፅ ጥቅሎቹ ውስጥ መፈለግም ከንቱ ነው። በአብዛኛው ራሱን ያስተማረው ጃፓናዊ የሙዚቃ ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ በ1967 እ.ኤ.አ. ቢዋና ሻኩሃቺ የተባሉትን የጃፓን ባህላዊ ክራርና ዋሽንት መሰል መሣሪያዎች ከኦርኬስትራ ጋር ሲያቀርብ በአብዛኛው በየተራ አሰማቸው እንጂ አላዋሃዳቸውም። ለማሲንቆም የሚበጀው ይኸው መንገድ ይመስለናል።

ፍሉት ዝቅተኛ ኦክታቩ ላይ ሆኖ ሦስት ትሮምቦኖች ፎርቴ (በኃይል) ቢነፉበት ሚክሰሩን ከፍ አድርጋችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ይዋጣል። ወይ ፍሉቱን አንድ ኦክታቭ ማውጣት፣ ወይ ትሮምቦኖቹን ማሳረፍ ነው። የፒያኖ (ለስላሳ) እና የፎርቴ ምልክቶች ተጽፈው እስኪያልቁ ሚክሰሩን አለመንካት ጥሩ ልማድ ነው። ፕሮግራሙ ትንፋሽም አያጥረውም፤ ለሆርን ረጅም ሐረግ ሲጻፍ እረፍት ይግባበት። ጭክጭካ የሚባለው ምትም በ6/8 እንጂ በ3/4 አይጻፍ፤ አለዚያ ኖታዎቹ ያለቦታቸው ተቧድነው ተጫዋቹ ምቱን ይስታል።

ብዙ ልምምድ የሚያበላሸው ኮንሰርት ፒች የሚለው፣ የሁሉንም መሣሪያ ኖታ በሚሰማው ድምፅ ልክ የሚያሳየው ቁልፍ ነው። በርቶ ከታተመ የቢ ፍላት ክላርኔቱ አንድ ሙሉ ድምፅ፣ የኤፍ ሆርኑ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣል። የእያንዳንዱን ተጫዋች ወረቀት ከማተም በፊት መጥፋቱን ማየት ግድ ነው።

ኋላ ላይ ሲቤሊየስ ወይም ዶሪኮ ወደተባሉት ሌሎች የኖታ ፕሮግራሞች የሚሻገር ሰው ሥራውን ሙዚክ ኤክስኤምኤል በሚባለው የፋይል ዓይነት ያወጣዋል። ኖታው ይደርሳል፤ የገጽ አቀማመጡ ግን እንደገና መስተካከሉ አይቀርም።