እናቴን ለባሕር ላበቁልኝ ካፒቴን የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ወር ልትጠይቀን የመጣችውን እናቴን ይዤ፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ በሳንታ ክሩዝና በሞንተሬይ መካከል ከምትገኘው ከሞስ ላንዲንግ ወደብ ተነሥተን፣ ኤልክሆርን ስሉ በሚባለው የባሕር ሰርጥ የጀልባ ጉብኝት አድርገን ነበር። ይህን የምጽፈው ጀልባውን ለሚነዱትና ራሳቸው ለሚያስጎበኙት ካፒቴን ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ የባሕር እንስሳትን ማየት የምትፈልጉም እሳቸውን የመሰለ ሰው እንድትመርጡ ለመጠቆም ነው።

እናቴ በዕድሜዋ ጀልባ ተሳፍራ አታውቅም፤ ስንገባ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። ካፒቴኑ እኔ ሳልነግራቸው አስተውለው ነፋስ ከማያገኘው ወንበር አስቀመጧት፣ የሕይወት አድን ጃኬቷን ማሰሪያ ራሳቸው አጠበቁላት፣ ሰርጡ ከውጭው ማዕበል የተከለለ መሆኑንም በእኔ አስተርጓሚነት አስረዷት።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን ለእንስሳቱ ባሳዩት ጥንቃቄ ነው። አንዲት የባሕር ኦተር (በባሕር የሚኖር ጠጉራም አጥቢ እንስሳ) ግልገሏን ደረቷ ላይ አስተኝታ በጀርባዋ ስትንሳፈፍ ባየን ጊዜ፣ አንድ ተሳፋሪ ጠጋ እንዲሉ ቢለምናቸውም፣ 18 ሜትር ያህል ርቀው ሞተሩን አጠፉ፤ ምክንያቱንም በትዕግሥት ነገሩን። ኦተር እንደ አቆስጣ (በእንግሊዝኛ ሲል እንደሚባለው የባሕር እንስሳ) ከቆዳው ሥር የሚያሞቀው ስብ ስለሌለው ብርዱን የሚቋቋመው እጅግ ጥቅጥቅ ባለው ጠጉሩና በምግብ ብዛት ሲሆን፣ በቀን የክብደቱን ሩብ ያህል ይበላል። ደንግጦ በጠለቀ ቁጥር ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል፤ በምታጠባ እናት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ለጠጉሩ ሲባል እየታደነ ከካሊፎርኒያ ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በቢግ ሰር ጠረፍ 50 ያህሉ ታዩ፤ ዛሬ በካሊፎርኒያ ያሉት 3,000 የሚጠጉ ኦተሮች የእነዚያ ዘር ናቸው። ይህን ሰምቶ ቅረብልኝ የሚል ሰው አልነበረም።

ጸጥ ብለን ሳለ ሌላ ኦተር ብቅ ብሎ ተንጋለለና ሆዱ ላይ ባስቀመጠው ድንጋይ ዛጎል ይቀጠቅጥ ጀመር። ቋ፣ ቋ የሚለው ድምፅ ጀልባው ድረስ ይሰማ ነበር፤ ሞተሩ ባይጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ ያመልጠን ነበር። እናቴ ግን ዓይኗን ከግልገሉ አልነቀለችም። «እኛ በጀርባችን እናዝላለን፤ እሷ በደረቷ አዘለችው» አለችኝ። ካፒቴኑ ምን እንዳለች ጠይቀውኝ ለተሳፋሪው ሁሉ በድምፅ ማጉያ ነገሩላት።

ለመሄድ የምታስቡ፣ ነፋሱ ቀለል የሚለው ጠዋት ነው፤ በበጋም ቢሆን ወፍራም ልብስ ያዙ። አቆስጣዎቹ ጭቃው ላይ ወጥተው የሚተኙት በተለይ ውሃው ሲጎድል ስለሆነ፣ ቦታ ስትይዙ ሰዓቱን ጠይቁ። በሌላ ጠረፍ የምትሳፈሩ ከሆነ ደግሞ፣ ጀልባው ከእንስሳቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ፤ እጃችሁ እስኪደርስ እናቀርባችኋለን የሚላችሁን እለፉት።

እናቴ አገሯ ገብታለች። በስልክ ስንገናኝ አሁንም «ያ ግልገል አደገ?» ትለኛለች። ካፒቴን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።