ከሶ ተነስቶ በብስክሌት፦ ቫንቱ ወይስ ኔስክ?

ሶ በፈረንሳይ ፕሮቫንስ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በሐምሌ መጀመሪያ ዙሪያዋ በላቬንደር አበባ ሐምራዊ ይሆናል። ጭር ያለ መንገድ ለሚፈልግ ብስክሌተኛ ሁለት ምርጫ አላት።

አንዱ ሞን ቫንቱ የተባለው ተራራ ነው፤ ከፍታው 1,910 ሜትር ገደማ። ከሶ ሲወጡት 26 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቤድዋን በኩል ካለው ዝነኛ ዳገት ይረዝማል፣ ግን ይለዝባል። መንገድ ዳር እስካለው ምግብ ቤት፣ ሻሌ ሬናር፣ ድረስ ብዙው ጫካ ነው፤ መኪናም አይበዛበትም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሶና የቤድዋን መንገዶች ይገናኙና የቀረውን 6 ኪሎ ሜትር ከመኪናውም ከሞተሩም ጋር መጋፋት ነው። ጥላ የለ፣ ነጭ ድንጋይ ብቻ። ሚስትራል የሚሉት ነፋስ ከተነሳማ አለቀልህ። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በ1967 በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ላይ እዚያው የሞተው የእንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን መታሰቢያ አለ። አላፊ ብስክሌተኞች የውሃ ኮዳና ኮፍያ ትተውለት ያልፋሉ።

የኔስክ ሸለቆ ሌላ ዓለም ነው። ዲ942 የተባለው መንገድ ገደሉን ታክኮ እስከ ቪል ሱር ኦዞን መንደር ይጠማዘዛል። ወደ ካርፓንትራ ከተማ የሚቸኩለው መኪና በዲ1 ስለሚሄድ እዚህ የምትሰማው የሰንሰለትህን ድምፅ ነው። ከዓለት የተፈለፈሉ አጫጭር ዋሻዎች አሉ፤ ከፀሐይ ድንገት ስትገባ ዓይንህ ይጨልማል፣ መብራት ያዝ። ካስቴላራ የተባለው መመልከቻ ላይ ቆም ብለህ ከማዶ ያለውን የሮሼ ዱ ሲር ገደል እይ። መልሱ ዳገት ነው፣ ግን እግር አይሰብርም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ኔስክ፣ ያውም በማለዳ። ቫንቱ ለፎቶው ነው።