የሽቦ ሳጥን ወጥመድ በአይጥ በላተኛ ሚዛን

መሀል አዲስ አበባ አይጥ አይበላም። ዘሌዋውያን 11፥29 ርኩስ ብሎታልና ክርክር የለም። ወጥመድ የሚመርጥ ሰው ግን ምክር መጠየቅ ያለበት አይጥ የሚበሉትን ነው። እነሱ ያልተመረዘ፣ ያልተፈረከሰና ያልሸተተ ስጋ ይፈልጋሉ። መርካቶ ከሚሸጡት መርዝ፣ ሙጫ፣ ባለሞላ ወጥመድና የሽቦ ሳጥን ውስጥ ይህን መመዘኛ የሚያልፈው ሳጥኑ ብቻ ነው።

በቬትናም የሜኮንግ ደልታ ሩዝ ሲታጨድ የማሳ አይጥ በሳጥን ተይዞ ከነሕይወቱ ገበያ ይወጣል። ከካምቦዲያም ድንበር የሚሻገረው በሕይወቱ ነው፤ ሞቶ የመጣ በምን እንደሞተ ማን ያውቃል? ከታረደ በኋላ በፈላ ውሃ ተነክሮ ፀጉሩ ይነጫል፣ ጭንቅላቱ፣ ጅራቱና ሆድ ዕቃው ይጣላል፤ ከዚያ በጠጅ ሳርና በሚጥሚጣ ተለውሶ ይጠበሳል። ማላዊዎች ደግሞ በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ጉድጓዱን በዶማ እየቆፈሩ ይይዙታል። ቀቅለው፣ ጨው አድርገው ያደርቁትና በተሰነጠቀ እንጨት ሰክተው በአውራ ጎዳና ዳር ይሸጡታል። ስሎቬኒያ ውስጥ የጫካ አይጥ መሰል እንስሳ በመከር ወራት ዛፍ ላይ በሚሰቀል የሳጥን ወጥመድ ይታደናል። ሁሉም የሚበሉት እህልና ፍሬ የበላውን ነው፤ ቆሻሻ ገንዳ የሚያድረውን የቤት አይጥ አይነኩም። በጋና ግን የሸንበቆ አይጥ የሚያድኑ አንዳንዶች የእርሻ ኬሚካል መጠቀማቸው የታወቀ ችግር ነው፤ መርዙ በማብሰል ይጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

እኛ ጋ አይጡን የሚበላው ድመትና ውሻ ነው። በድምፅ ማጉያ እየተጠራ የሚሸጠው «የአይጥ መድኃኒት» ብዙ ጊዜ ስም የለውም፤ ዋናው ጥፋቱም ይሄ ነው። ብሮማዲዮሎን የተባለው መርዝ ከሆነ ደም እንዳይረጋ አድርጎ አይጡን ከቀናት በኋላ ይገድለዋል፤ ቅሪቱ ጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ መፍትሔውም ቫይታሚን ኬ ነው። ጥቁር ግራጫው፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ዚንክ ፎስፋይድ ግን ሆድ ውስጥ ጋዝ ሆኖ ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ልጅ ቢቀምሰው ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ በምን ይወቅ? ሙጫውም አቧራ ሲቀምስ ዋጋ የለውም፣ በክረምት ብርድ ይደርቃል፣ አይጡም ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። መርካቶ ከሽቦና ከቆርቆሮ የሚሠራው እንደ ሠሪው ይለያያል፤ ሳይሞክሩት አይግዙ። ምግቡ የሚታሰርበትን መንጠቆ በጣት ትንሽ ነካ ሲያደርጉት በሩ መውደቅ አለበት። ሳብ አድርገው ካልጎተቱት የማይወድቅ ከሆነ አይጡ ምግቡን ልሶ ይሄዳል። በሩ ከወደቀ በኋላ ከውስጥ ወደ ላይ ይግፉት፤ የሚነሳ ከሆነ መቆለፊያ የለውምና ይተውት። የወንፊቱ ቀዳዳ እርሳስ የሚያሾልክ ከሆነ ለአይጠመጎጥ እንጂ ለትንሿ የቤት አይጥ አይሆንም፤ እሷ በዚያ ትወጣለች። ብየዳው የሳሳ ማዕዘንም በጥርስ ይፈለቀቃል።

አጠማመዱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በችኮላ ነው። አይጠመጎጥ አዲስ ዕቃ ይፈራል። ስለዚህ ሳጥኑ ምግብ ተደርጎበት፣ በሩ በሽቦ ታስሮ ለሦስት ወይም ለአራት ሌሊት ክፍት ይደር። ምግቡ መበላት ሲጀምር በሩ ይፈታ። ቦታው የወለሉ መሀል አይደለም፤ አይጥ ግድግዳ ታክኮ ይሄዳልና ሳጥኑ ግድግዳው ሥር፣ በሩ ወደ መሄጃው ዞሮ ይቀመጥ። ፋንድያውና የቅባት ጥላሸቱ መንገዱን ይነግራል። ማጥመጃው የተቆላ ኦቾሎኒ ወይም ቋንጣ ሆኖ በክር መንጠቆው ላይ ይታሰር፤ ዝም ብሎ ከተቀመጠ መንጠቆው ሳይነካ ይበላል። ጤፍ ወይም ዱቄት መበተን ከንቱ ነው። ጓዳው ውስጥ ክፍት የእህል ከረጢት ካለም የትኛውም ወጥመድ አይረዳም።

የሳጥኑ ጉድለት አለመግደሉ ነው። በሕይወት ያለ አይጥ ይዞ መዋል ለልበ ቀጭን አይመከርም፤ ወስዶ ሌላ ሰፈር መልቀቅም ለጎረቤት ማዛወር ነው። ያልተፈተሸ ሳጥን ውስጥ አይጡ በጥም ይሞታልና ጠዋትና ማታ ይታይ። በሌሊት ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ስለሚይዝ መጋዘን ላለው አይበቃም፤ እዚያ ባለሞላው በርከት ተደርጎ ቢደረደር ይሻላል፣ ልጅ ከማይደርስበት እስከሆነ ድረስ።

የአይጥ ሽንት ሰውን የሚያሳምም የሌፕቶስፒራ ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል ጓንት ሳያደርጉ ሳጥኑን አይንኩ። አይጡ ከወጣ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ሳጥኑ ላይ ማፍሰስ፣ አሥር ደቂቃ መተው፣ ከዚያ ማጠብ። ፋንድያውን በደረቁ መጥረግ አቧራውን ወደ ሳንባ መላክ ነው፤ መጀመሪያ በዚያው ውህድ ይራስ። በሳሙና የታጠበ ሳጥን ሽታው ቢቀየር ግድ የለም፤ ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ ከገባ ግን ዝገቱ መንጠቆውን ያደነዝዘዋል፤ ሁለት ጠብታ የምግብ ዘይት ይበቃዋል።