ለጀማሪ ማውንቴን ብስክሌት ብራንዱ ምን ያህል ይጠቅማል? ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህ ግምገማ ለጀማሪ ተብሎ ስለሚሸጥ የአሉሚኒየም ማውንቴን ብስክሌት ነው። ሞላው ከፊት ብቻ ሲሆን 100 ሚሊሜትር ይሰምጣል። ጎማው 29 ኢንች፣ ማርሹ ከፊት 2 ከኋላ 8፣ ፍሬኑ የዘይት ዲስክ፣ ክብደቱ ወደ 14 ኪሎ ነው። ከመስቀል ማግስት እስከ ክረምቱ መውጫ መሐል አዲስ አበባ ሠርቶበታል፦ ከለገሃር በቸርችል ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት፣ ከአራት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ በፒያሳ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን፣ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መስመሮችም ላይ።

ብራንዱ ጃይንት፣ ሜሪዳ፣ ትሬክና ስፔሻላይዝድ ከሚባሉት የአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ማወቁ ለገዢ ብዙም አይፈይድም። በዚህ የዋጋ እርከን የአራቱም ፍሬም ተቀራራቢ ነው፣ ማርሹና ፍሬኑም ከእነዚያው ጥቂት አምራቾች የሚመጣ ነው። ጃይንትና ሜሪዳ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1972 ታይዋን ውስጥ የተቋቋሙ ሲሆኑ በራሳቸው ስም ከመሸጥ አልፈው ለሌሎችም ያመርታሉ። ሜሪዳ ከ2001 ጀምሮ የአሜሪካው ስፔሻላይዝድ ባለድርሻ ነው። እንግዲህ «ጃይንት ይሻላል ወይስ ትሬክ?» እያሉ ሲከራከሩ መሰንበት ትርፉ ድካም ነው። ሻጩ ስሙን ሲነግራችሁ እናንተ ጎንበስ ብላችሁ የተገጠመበትን ዕቃ እዩ።

በመጀመሪያ የሚታየው ማርሹ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ከጉልበት በፊት ትንፋሽ በሚያልቅበት ከተማ ቀላል ማርሽ የግድ ያስፈልጋል። በዚህ ብስክሌት የፊቱ ትንሽ ማርሽ 22 ጥርስ፣ የኋላው ትልቅ 32 ጥርስ አለው። ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 1.57 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በደቂቃ 60 ዙር ብትመቱ በሰዓት 5.6 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ላለው ዳገት ይህ ልክ ነው። «21 ማርሽ አለው» ተብሎ የሚሸጠው ባለ 26 ኢንች ብዙ ጊዜ ከፊት ትንሹ 28፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነው። በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ይሄዳል፣ ማለትም ሲሶ ያህል ይከብዳል። የማርሽ ብዛት ቁጥር ብቻ ነው። ጥርሱን ቁጠሩ።

ማርሹ ሺማኖ ከሚባለው የማርሽና የፍሬን አምራች ከሆነ የደረጃው ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ቱርኒ፣ አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲኦሬ ነው። ለጀማሪ አልተስ ይበቃል። አንድ የተለመደ ዘዴ ግን አለ፦ ዓይን የሚያርፍበትን የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከፍ ያለ ደረጃ ያደርጉና የእጅ መቀየሪያውን፣ የፔዳሉን ክንድና ሞዞውን (የጎማውን እምብርት) ርካሽ ይገጥማሉ። አንዱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ብቻ አንብባችሁ አትመለሱ።

ከማርሹ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያልፈው የኋላው ሞዞ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። በአሮጌው አሠራር ጥርሶቹ የተሠሩበት ፍሪዊል ራሱ ሞዞው ላይ እንደ ቡሎን ይጠመዘዛል። በዚህ ጊዜ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ስለሚቀር አክስሉ በቀኝ በኩል ጥቂት ሳንቲሜትር ያለ ድጋፍ ይወጣል። ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ወርዶ ወይም ጉድጓድ ገብቶ በተመታ ቁጥር ጫናው እዚያ ያርፋል፤ አክስሉ ይጎብጣል፣ ሲብስም ይሰበራል። በአዲሱ አሠራር፣ ካሴት በሚባለው፣ ኩሽኔታው እስከ ጫፍ ድረስ ወጥቶ አክስሉን ስለሚደግፈው ይህ ችግር እምብዛም አይታይም። መለያው ቀላል ነው፦ ጥርሶቹን ወደ ኋላ አሽከርክሩና መሐል ላይ ያለውን የመፍቻ ማስገቢያ ቅርጽ እዩ። ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ጥርሶቹ እየዞሩ እሱ ከቆመ ፍሪዊል ነው። ከኋላ 7 ማርሽ ያላቸው አብዛኞቹ ፍሪዊል ናቸው፣ 8 ላይ ሁለቱም ያጋጥማል፣ ከ9 ጀምሮ ካሴት የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ይህኛው ካሴት ነው፤ ኮብልስቶኑን ሁሉ አልፎ አክስሉ ዛሬም ቀጥ እንዳለ ነው።

የዘይት ዲስክ ፍሬን ለዚህ ከተማ ተገቢ ምርጫ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ስትወርዱ በአንድ ጣት ይቆማል፤ በሽቦ ከሚሠራው ያነሰ ማስተካከያ ይፈልጋል። አዲስ ሸራ ሲገጠም ግን ወዲያው ጥሩ አይይዝም። ጭር ባለ ቦታ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ፣ ጎማው ሳይቆለፍ፣ በእያንዳንዱ ፍሬን 20 ጊዜ ያህል ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የሸራው ዱቄት ዲስኩ ላይ ተለጥፎ መያዝ ይጀምራል። በበጋ ሸራው በዝግታ ነው የሚያልቀው። በክረምት ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፣ የኋላው በተለይ። ከብረቱ በላይ የቀረው ሸራ 0.5 ሚሊሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። ዲስኩ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። ከእንጦጦ ስትወርዱ ፍሬኑን ይዛችሁ አትንሸራተቱ። አጠር አድርጋችሁ ጠንክራችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፤ በጣም የጋለ ዲስክ ይደክማል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። የሺማኖና የቴክትሮ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። መርካቶም ሆነ የትኛውም የመኪና መለዋወጫ መደብር የሚሸጠው የፍሬን ዘይት ግን ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። «ያው የፍሬን ዘይት ነው» ብሎ የሚሞላ ጋራዥ አይጠፋም። ዶት የማዕድን ዘይት ፍሬን ውስጥ ሲገባ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ እጀታው አይመለስም ወይም ያፈሳል፣ ፍሬኑም ሙሉ በሙሉ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። በተቃራኒው ለዶት የተሠራ ፍሬን የማዕድን ዘይት አይቀበልም። የትኛውን ዘይት እንደሚፈልግ በእጀታው ወይም በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ተጽፏል፤ ሳያነቡ እንዳይሞሉ።

ጎማው ተፈትቶ ብስክሌቱ ሚኒባስ ላይ ወይም መኪና ኋላ ሲጫን የፍሬን እጀታው እንዳይነካ። ዲስኩ በሌለበት ከተያዘ ሸራዎቹ ተጠጋግተው ይቀራሉ፣ ጎማው ተመልሶ አይገባም። የታጠፈ ካርቶን በሸራዎቹ መሐል መሰካት ይበቃል። ፍሬን ከጮኸ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቅባት ነው፦ ሰንሰለት ላይ የተረጨ ዘይት ወይም ሰንሰለት የታጠበበት ናፍጣ ዲስኩ ላይ ተፈናጥሮ ነው። ዲስኩን በአልኮል መጥረግ ይቻላል፣ ዘይት የጠጣው ሸራ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

የፊቱ ሞላ መካከለኛ ነው፣ ከዚህ በላይ ማሞገስ አይቻልም። የሽቦ ሞላ ስለሆነ ለነጂው ክብደት በደንብ አይስተካከልም፤ ቀለል ላለ ሰው ይደርቃል። ዳገት ላይ የሚቆለፍበት ቁልፍ ግን ቸርችል ላይ ጥቅሙ ይታያል። የሚያብረቀርቁትን ቱቦዎች ከዝናብ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግና በ50 ሰዓት አጠቃቀም አንዴ ጎሚኒውን ከፍ አድርጎ ማጽዳት ዕድሜውን ያረዝማል። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ርካሽ ብስክሌት ከቀረበላችሁ እለፉት። ክብደቱ ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ጉልበታችሁን ሞላው ይበላዋል፣ መጋጠሚያዎቹም ቶሎ ይላላሉ።

ጎማ ላይ አንድ ነገር ስትገዙ አረጋግጡ፦ ቫልቩ የመኪና ዓይነት ይሁን። ሰፈር ያለው ጎሚስታ ሁሉ ይሞላዋል። ቀጭኑ፣ ፕሬስታ የሚባለው፣ ያለ አስማሚ አይሞላም፤ ከሆነ አስማሚዋ ከቦርሳ አትጥፋ። ለ70 ኪሎ ሰው በኮብልስቶን የአየሩ ግፊት ፊት 2 ባር፣ ኋላ 2.2 ባር ያህል ጥሩ ነው፣ ለአስፋልት እስከ 3 ይወጣል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለመኪና ስለሆነ በአጭር በአጭሩ እየተሞላ ይለካ። አየሩ ሲያንስ ጎማው በድንጋይና በቸርኬው ጠርዝ መሐል ይቆነጠጥና ከመነዳሪው ላይ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካያችሁ ሚስማር አትፈልጉ፣ አየር ጨምሩ። ነጂው ከመስቀል አደባባይ ቦሌ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ጉርብጥብጡን ጎማ በለስላሳ መቀየር ከማንኛውም ብራንድ የበለጠ ያፈጥነዋል።

በክረምት የእንጦጦ ጭቃ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ማርሹ ላይ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ብስክሌቱን ወደ ላቫጆ መውሰድ ያምራል። የላቫጆ ውኃ በግፊቱ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል፣ ከሳምንታት በኋላ ሞዞው መንጋጋት ይጀምራል። ባልዲ፣ ስፖንጅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሰንሰለት ላይ መቀባትም የተለመደ ነው፤ አቧራ ይሰበስብና መሞረጃ ይሆናል። አንድ ጠብታ የሰንሰለት ዘይት በየመጋጠሚያው፣ ከዚያ ትርፉን መጥረግ። ማለቁን ለማወቅ በማስመሪያ 24 መጋጠሚያ ለኩ፦ አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊሜትር ነው፣ 307 ሲደርስ ይቀየራል። ካለፈ የኋላውን ካሴት አብሮ ይበላል፣ ወጪውም ይበዛል።

መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የማርሽ ሽቦው ተስቦ ማርሹ መዝለሉ ብልሽት አይደለም። የሽቦ ማስተካከያዋን ግማሽ ዙር ወደ ግራ ማዞር ያስተካክለዋል። የፔዳሉ ክንድ ቡሎን ግን በ8 ቁጥር አለንኪ ጠብቆ መታሰር አለበት። ላልቶ ሲነዳ የክንዱ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ቢታሰርም አይይዝም። የግራው ፔዳል የሚጠመዘዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚያበላሹት ብዙ ናቸው።

ብራንድ ዋጋ የሚያወጣው ሀንገር ላይ ነው። የኋላው ማርሽ ቀያሪ የተንጠለጠለባት፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የአሉሚኒየም ጆሮ ናት። ፍሬሙ እንዳይሰበር እሷ ቀድማ እንድትጎብጥ ተብላ የተሠራች ናት። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ወይም ሚኒባስ ጣራ ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲጫን ትጣመማለች። ምልክቱ ማርሹ ትንሿ ጥርስ ላይ ደህና ሆኖ ትልቁ ላይ ሲንኳኳ ነው። በዚህ ሁኔታ ተገፍቶ ከተነዳ ማርሽ ቀያሪው በጎማው ሽቦዎች መሐል ይገባና ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ሀንገር ደግሞ እንደ ሰንሰለት ለሁሉም የሚሆን አይደለም፣ ለየፍሬሙ ቅርጹ ይለያል። የታወቀ ብራንድ ከሆነ በሞዴሉና በዓመቱ ተፈልጎ ቁጥሩ ይገኛል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በኪሱ ይዞት ይመጣል። ስሙ የማይታወቅ ፍሬም ከሆነ መፍትሔው አቅንቶ መጠቀም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሲቀና ሊሰነጠቅ ይችላል። ብስክሌቱን በገዛችሁበት ቀን ትርፍ ሀንገር ግዙ።

ሌላው የብራንድ ጥቅም የፍሬም ዋስትና ነው። ትሬክ፣ ጃይንትና ስፔሻላይዝድ ለፍሬም የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፣ ግን ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። ከዱባይም ሆነ ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ በኮንቴይነር የገባ ብስክሌት ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትናው አብሮ አልመጣም፤ ስለዚህ ሻጩ ለስሙ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ ተከራከሩ። ያገለገለውን ስታዩ ገልብጣችሁ ከፔዳሉ ሥር ያለውን ተከታታይ ቁጥር ፈልጉ፣ ተፍቆ ከሆነ ተዉት። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ መሪው ሥር ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ቱቦዎቹ የተበየዱበትን ቦታ በጥፍር ዳስሱ፣ በተለይ መሪው ሥር፤ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ዋጋ ቢቀነስም አይገዛም። በመጨረሻም ውጡበት። በሁለት እግር ቆማችሁ ከላይኛው ቱቦ በላይ ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ክፍተት ይኑር፤ ቁመታችሁ ከ165 እስከ 175 ሳንቲሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው መጠን ይሆናችኋል። ትልቁ ብስክሌት በቅናሽ ቢሰጣችሁ እንኳ ልካችሁን ጠብቁ።