የዓላታ ድልድይ፦ ከፏፏቴው በፊት ሊታይ የሚገባው

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ የሚደርስ ጎብኚ ልቡ ወደ ፏፏቴው ይቸኩላል፤ እኔ ግን የመንገዱን ድካም የሚክሰው በጠባቡ የዓባይ ገደል ላይ የተዘረጋው የዓላታ ድልድይ ነው ባይ ነኝ። በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1626 የታነጸው ይህ የድንጋይ ድልድይ፣ በኖራ የተያያዘ ግንቡ አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖትም ዛሬም የአካባቢውን ገበሬ ከነጭነቱ ያሻግራል። «የፖርቱጋሎች ድልድይ» መባሉ ቢለመድም፣ ያሳነጸው የራሳችን ንጉሥ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ያስጎበኘን ወጣት ትሑትና ጥንቁቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስለ ኖራው አዘገጃጀት ስንጠይቀው ወሬውን ወደ ፏፏቴው መለሰው። ከድልድዩ በኋላ ያለው አቀበት በዝናብ ጊዜ ስለሚያንሸራትት ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል፤ የጀልባውንም ሆነ የአስጎብኚውን ዋጋ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ ይሳሳል፤ በሙሉ ግርማው ሊያየው የሚሻ ሰው ክረምቱ እንደወጣ በመስከረም ቢሄድ ይመረጣል። ድልድዩ ግን ወቅት አይመርጥም፤ እኔም ከግንቡ ጠርዝ ቁልቁል ወንዙን እያየሁ ከፏፏቴው ይልቅ እዚያ ረዘም ያለ ጊዜ ቆይቻለሁ።